ተኝቶ የሚበላ ሴንሰር፦ የጣና ዳር የባትሪ ሂሳብ

ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቁኛል። እኔ ሰማያዊዋን ጀሪካን ከውሃ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀምጫታለሁ። ጀሪካኗ ተንሳፋፊ ጣቢያችን ናት። ውስጧ ሴንሰር፣ ትንሽ ሬዲዮና አንድ ባትሪ አለ። ክዳኗን ከፈትኩ። ውሃ አልገባም። ሽቦ አልተበጠሰም። ባትሪው ግን ሞቷል። ውሃ ላይ የቆየችው አሥር ቀን ብቻ ነው።

«ሥራዋ ምንድን ነው?» አሉኝ ሰውዬው። በየግማሽ ሰዓቱ የውሃውን ሙቀትና ድፍርስነት ትለካለች፣ ቁጥሩን ወደ ከተማ ትልካለች፣ ከዚያ ትተኛለች አልኳቸው። ሥራዋ ቢደመር በቀን አንድ ደቂቃ አይሞላም።

«ታዲያ ባትሪውን ማን ጨረሰው?»

እንቅልፏ ነው አልኳቸው።

«ልጄ፣ ተኝቶ የሚበላ ነገር ነዋ የሠራኸው!» ብለው ሳቁብኝ። ኪራያቸውን ግን አልቀነሱልኝም። የዚያን ቀን የከፈልኩት ከባትሪው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጣና ላይ የሚሠራ የሴንሰር ዲዛይን ከጀልባ ኪራይ ነው የሚጀምረው እላለሁ። ባትሪ መቀየር ራሱ ርካሽ ነው። ውዱ ባትሪው ያለበት ቦታ መድረስ ነው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ቶሎ ይለዋወጣል። ነፋስ ያደፈርሰዋል። ክረምት ላይ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ደለላቸውን ይዘው ይገባሉ። እነዚህ አራቱ ወንዞች ብቻ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላዩን ይይዛሉ። ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያም አብሮ ይመጣል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የምናውቀው እምቦጭ የሚወፍረው በዚሁ ነው። በመውጫው በኩል ደግሞ የጨረጨራ ግድብ አለ፤ በምዕራብ በኩል የጣና በለስ ዋሻ ውሃ ይወስዳል። ሐይቁ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ የሚለው ነገር ለዓሣ አጥማጁም፣ ለፎገራ ሩዝ አምራቹም፣ ለመብራት ኃይሉም የራሱ ትርጉም አለው።

ይህን ሁሉ በወር አንዴ በጀልባ ሄዶ፣ በጠርሙስ ውሃ ቀድቶ መከታተል አይቻልም። ዝናብ ሌሊት ይጥላል፤ ጎርፉ ንጋት ላይ ይገባል፤ ጠርሙሱ የሚደርሰው ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ በየቦታው ቁጭ ብሎ በራሱ የሚለካ፣ ሽቦ የሌለው ርካሽ ሴንሰር እንፈልጋለን። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ላይ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። የማባዛትና የማካፈል ጉዳይ ብቻ ነው።

ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። በየግማሽ ሰዓቱ የምትነቃ መሣሪያ በቀን 48 ጊዜ ትነቃለች። ለመለካት አንድ ሰከንድ ብትወስድና በዚያች ሰከንድ 20 ሚሊአምፔር ከረንት ብትበላ፣ በቀን 0.27 ሚሊአምፔር ሰዓት (ከረንቱ በፈሰሰበት ሰዓት ሲባዛ) ይሆናል። መልእክቱን በሎራ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ሩቅ በሚልክ ሬዲዮ፣ ለመላክ 60 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃል። በ40 ሚሊአምፔር ሲባዛ 0.03 ነው፤ ከምንም አይቆጠርም። የቀሩት ከ86,000 በላይ ሰከንዶች እንቅልፍ ናቸው። በእንቅልፍ 5 ማይክሮአምፔር (የሚሊአምፔር ሺኛ) ብቻ ብትበላ 0.12 ይሆናል። ጠቅላላ ድምሩ በቀን 0.42 ነው። 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይህን ወረቀት ላይ 16 ዓመት ይችላል። በእርግጥ 16 ዓመት አይቆይም፤ ባትሪ ተቀምጦም ያረጃል። ግን ሦስትና አራት ዓመት ቢቆይ ማን ይጠላል?

አሁን አንድ ቁጥር ብቻ እንቀይር። እንቅልፉን ከ5 ማይክሮአምፔር ወደ 10 ሚሊአምፔር እናድርገው። የቀን ፍጆታው 240 ይሆናል። ባትሪው በአሥር ቀን ያልቃል። የኔዋ ጀሪካን ይኸው ናት። ኮዱ ላይ «ተኚ» የሚል ትእዛዝ ነበረ፤ ቺፑም በትክክል ተኝቶ ነበር። ያልተኛው በዙሪያው ያለው ነው።

ለልምምድ የምንገዛቸው ቦርዶች ለጠረጴዛ የተሠሩ ናቸው። ከላፕቶፕ መብራት ይወስዳሉ፣ ቀይ አምፖላቸው በርቶ ያድራል፣ ማንም ስለ ባትሪ አይጠይቃቸውም። ያቺ ቀይ አምፖል ብቻዋን 2 ሚሊአምፔር ብትወስድ ሌላ ምንም ሳይሠራ ባትሪውን በ52 ቀን ትጨርሰዋለች። ለማን ነው የምታበራው? ለዓሣው? እኔ አሁን ቦርድ ስገዛ መጀመሪያ የማደርገው እሷን በምላጭ መቁረጥ ነው።

ሁለተኛው ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ሬጉሌተር ነው። በርካሽ ቦርዶች ላይ የሚበዛው ኤኤምኤስ1117 ምንም ሳያሠራ ለራሱ ብቻ ወደ 5 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ጥበቃ ቀጥራችሁ ደመወዙ ከምትጠብቁት ዕቃ ሲበልጥ ማለት ነው። ለዚሁ ሥራ ሁለት ማይክሮአምፔር እንኳ የማይሞላ የሚወስዱ ሬጉሌተሮች አሉ፤ የዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ምንም የማያደርግ ስለሚመስል እኔንም ብዙ ጊዜ አታሎኛል። የባትሪውን መጠን ለማወቅ ሁለት ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ዕቃ) እንሰካለን፤ ቮልቴጁን በግማሽ ይከፍሉታል። ሁለቱም 10 ኪሎኦም ከሆኑ፣ ከ3.7 ቮልት ባትሪ ያለማቋረጥ 185 ማይክሮአምፔር ይፈስባቸዋል። በዓመት 1,600 ሚሊአምፔር ሰዓት መሆኑ ነው። ከባትሪው ግማሽ በላይ የፈጀነው ባትሪው ስንት እንደቀረው ለመጠየቅ ነው! ሬዚስተሮቹን አንድ አንድ ሜጋኦም አድርጎ ከጎናቸው ትንሽ ካፓሲተር (ጥቂት ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) ማስቀመጥ ፍጆታውን ከ2 ማይክሮአምፔር በታች ያወርደዋል።

ከሁሉም የሚያናድደው ግን በመስኮት የሚገባው ነው። ሴንሰሩ በማይሠራበት ጊዜ መብራቱን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚያገለግል ትራንዚስተር ትዘጋላችሁ። ጎበዝ! ግን የመረጃ ሽቦው ከቺፑ ጋር እንደተገናኘ ነው፤ ቺፑም ሽቦው የተያያዘበትን እግሩን (መገናኛውን) ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ ትቶታል። ከረንቱ በመረጃ ሽቦው ይገባል፣ ሴንሰሩ ውስጥ ባለው መከላከያ ዳዮድ ያልፋል፣ ሴንሰሩን በጓሮ በር ያበራዋል። በሩን ዘግታችሁ መስኮቱን ረስታችኋል። መፍትሔው አንድ የኮድ መስመር ነው፦ ከመተኛት በፊት እግሩን ወደ ዜሮ ማውረድ። እኔ ግን ይህን አንድ መስመር ለማግኘት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ያልተያዘ እግርም እንዲሁ ነው። የትም ያልተገናኘ የቺፕ እግር ሜዳ ላይ ይንሳፈፋል፤ ዜሮም አይደለም፣ አንድም አይደለም። መሀል ላይ ሲቆም ከላይና ከታች ያሉት ትራንዚስተሮች ሁለቱም በከፊል ይከፈታሉ፤ ከረንት ቀጥ ብሎ ያልፋል። ሁሉንም እግሮች የሆነ ቦታ አስይዛችሁ ተኙ።

ይህን ሁሉ በምን እናያለን? እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ቴስተሩን ማይክሮአምፔር ላይ አድርገው ከባትሪው ጋር በተከታታይ ያገናኙታል፤ ቦርዱም ጨርሶ አይነሣም። ተበላሸ ይላሉ። አልተበላሸም። በዚያ ምድብ ቴስተሩ ውስጥ 100 ኦም ያህል ሬዚስተር አለ። ቦርዱ ሲነቃ 40 ሚሊአምፔር ልሳብ ሲል በሬዚስተሩ ላይ 4 ቮልት መውደቅ አለበት፤ ከባትሪው ለቦርዱ የሚተርፍ ቮልት የለም ማለት ይቻላል። ዘዴው ቴስተሩን በአጭር ሽቦ አልፎ ቦርዱን ማስነሣት፣ እስኪተኛ መጠበቅ፣ ከዚያ ሽቦውን ማንሣት ነው።

ጥሩ ቴስተር ለሌለው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሙሉና የተኛውን ቦርድ በእሱ አኑሩት። በሞባይል ሰዓት ያዙ። ቮልቴጁ በ100 ሰከንድ ግማሽ ቮልት ከወረደ ፍጆታው 5 ማይክሮአምፔር ነው። ካፓሲተሩ በራሱም ስለሚያፈስ መጀመሪያ ብቻውን ለክታችሁ ቀንሱለት። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሌላው ቀርቶ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ እዚህ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነቅቶ ለሚሠራው ክፍል ያለው ሕግ አጭር ነው። አንድ ዲጂታል ሰርኪዩት የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። በ3.3 ቮልት የሚሠራውን ወደ 1.8 ብታወርዱት ለያንዳንዱ እርምጃ የሚወጣው ኃይል ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። ፍጥነቱን ብቻ መቀነስ ግን ብዙ ጊዜ አያተርፍም፤ ቺፑ በዝግታ ሲሠራ ነቅቶ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ሴንሰሩም አብሮት ነቅቶ ይቆያል። ቶሎ ሠርቶ ቶሎ መተኛት ይሻላል።

ወደ ሬዲዮው እንምጣ። ጣና ላይ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ብዙ ሰው ሬዲዮ እንደ ልቡ የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በላኪና በተቀባይ መካከል እንደ ሎሚ መሀሉ ላይ የሚያብጥ ቦታ ይፈልጋል። በ868 ሜጋኸርዝ 5 ኪሎ ሜትር ስትልኩ የእብጠቱ ግማሽ ስፋት መሀል ላይ ወደ 21 ሜትር ነው። ቢያንስ ስድስት አሥረኛው፣ ማለትም 12 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክፍት መሆን አለበት። አንቴናችን ግን ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ነው። ሞገዱ ውሃውን ይላጫል፣ ከውሃው ነጥሮ ራሱን ይረብሻል። ዳር ላይ ደግሞ ደንገሉ ይጠብቀዋል። ተንሳፋፊው ላይ ረጅም ምሰሶ መትከል አይቻልም፤ ነፋስ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ተቀባዩን ከፍ ማድረግ ነው። ባህር ዳር ላይ ቤዛዊትን የመሰለ ከፍታ እያለ ተቀባዩን ምድር ቤት መስኮት ላይ ማስቀመጥ ባትሪ ማባከን ነው።

ባትሪ የምለው ለነገሩ አይደለም። ሎራ ላይ መልእክቱ ሩቅ እንዲደርስ ቀስ ብሎ መናገር ይቻላል፤ ከ7 እስከ 12 ደረጃ አለው። አንድ ደረጃ ከፍ ባላችሁ ቁጥር መልእክቱ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በ7 ላይ 60 ሚሊሰከንድ የወሰደው በ12 ላይ አንድ ሰከንድ ተኩል ይጠጋል። ቅድም ከምንም አይቆጠርም ያልነው 0.03 አሁን 0.8 ሆነ ማለት ነው፤ ከሌላው ሁሉ ድምር ይበልጣል። የወረቀቱ 16 ዓመት ወደ 6 ይጠጋል። አንቴናውን ኮረብታ ላይ መስቀል ማለት ውሃ ላይ ላሉት ጀሪካኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ባትሪ መግዛት ነው።

መልእክቱንም ማሳጠር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሴንሰሩ በአማርኛ «ሙቀት» ብሎ እንዲልክ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል፣ ቃሉ ብቻ 9 ሆነ። 23.4 ዲግሪን 234 ብላችሁ በ2 ባይት ላኩት። «ሙቀት» የሚለውን ስክሪኑ ላይ ጻፉት፤ እዚያ መብራት አለ።

ከዚያም በላይ፣ ብልህ የሚባለው ሴንሰር ዝም ማለት የሚችል ነው። የውሃው ሙቀት ካለፈው ግማሽ ሰዓት ካልተለወጠ ለምን ይናገራል? በቀን አንዴ «አለሁ» ይበል፣ ቁጥሩ ሲዘል ደግሞ ወዲያው ይላክ። መልስ ካላገኘ ግን ሌሊቱን ሙሉ መጮህ የለበትም። በሞባይል ኔትወርክ የሚልኩ መሣሪያዎች ላይ ይህ ገዳይ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ሞጁሉ በሙሉ ጉልበቱ ፍለጋ ይጀምራል፤ ቱጂ (2G) ሞጁሎች ሲልኩ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባሉ። ኔትወርክና ኢንተርኔት ጠፍቶ መክረም ምን እንደሆነ የዚህ ክልል ሰው ያውቃል። ሦስት ጊዜ ይሞክር፣ ቁጥሩን ሜሞሪው ላይ ያስቀምጥ፣ ይተኛ።

ሶላር አድርጉበት የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለካሜራ፣ ለሞባይል ሞጁል፣ ለኦክስጅን መለኪያ እሺ። በቀን 0.42 ሚሊአምፔር ሰዓት ለሚበላ ነገር ግን ሶላር ጌጥ ነው። አንድ ዋት የሆነ ትንሽ ፓኔል በጥሩ ፀሐይ ከዚህ ሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ያመጣል። የሚያብረቀርቅ ነገር ደግሞ ዓይን ይስባል፤ ነገ ጠዋት ቦታው ላይ ላይገኝ ይችላል። ያልተሰረቀውን ወፎቹ ይቀመጡበታል፤ ኩሳቸው ምን ያህል ፀሐይ እንደሚከለክል ማየት የፈለገ ዳር ያሉትን ድንጋዮች ይይ። በዚያ ላይ መረጃው አጥብቆ የሚያስፈልገን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ፀሐይ የምትጠፋውም ያኔ ነው። ስለዚህ የኔ ምርጫ ዳግም የማይሞላ የሊቲየም ድንጋይ ነው። ዳግም የሚሞላ ከፈለጋችሁ ደግሞ ላዩ ላይ 9900 የተጻፈበትን አትመኑ። 18650 የሚባለው የተለመደው ባትሪ እውነተኛ ከሆነ ከ3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ብዙም አይዘልም።

እርጥበቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ጀሪካኗ ትታዘበኛለች። ከብየዳ የተረፈ ቅባት ቦርዱ ላይ ካለና ጠል ካረፈበት፣ በሁለት መስመሮች መካከል አንድ ሜጋኦም ያህል መንገድ ሊከፈት ይችላል። በ3.3 ቮልት 3.3 ማይክሮአምፔር ማለት ነው፤ የለፋንለትን እንቅልፍ ፍጆታ እጥፍ ሊያደርገው ምንም አይቀረው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሜይን ውስጥ ግሬት ደክ በምትባል ደሴት ላይ የወፍ ጎጆ የሚከታተሉ 32 ሽቦ አልባ ሴንሰሮች ተተክለው ነበር። በዘርፉ ቀደም ካሉት ሙከራዎች አንዱ ነው። እዚያም እርጥበት ብዙ አስቸግሯል። ቦርዱን በአልኮል እጠቡት፣ ቀቡት፣ ከዚያ ዝጉት።

በቅርቡ አንድ የግዥ ሰነድ እጄ ገባ፤ የማን እንደሆነ ይቅር። ለሐይቅ የሚሆኑ ሴንሰሮች ይጠይቃል። የባትሪው መጠን ስንት ይሁን፣ ሳጥኑ ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው፣ ዋስትናው ስንት ዓመት ይሁን ይላል። ሲተኛ ስንት ይበላል የሚል ጥያቄ ግን የለውም። ያ አንድ መስመር ቢጨመር ግማሹ ተጫራች ይወድቅ ነበር። ትልቅ ባትሪ ስለጠየቁ ትልቅ ባትሪ ይመጣላቸዋል፤ በአሥር ቀን ፋንታ በወሩ ያልቃል።

ሁለተኛዋ ጀሪካን አሁን ውሃ ላይ ናት። ክረምቱን አልፋለች። ባትሪዋ ውሃ ውስጥ ስትገባ ከነበረበት ይህን ያህል አልወረደም። እኔ ግን አሁንም በየወሩ ጀልባ እከራያለሁ። የድፍርስነት መለኪያዋ መስታወት በሦስት ሳምንት አረንጓዴ ይለብሳል፤ አልጌው ሲሸፍነው ንጹሑን ውሃ ሁሉ ጭቃ ነው ትላለች። የሚጠርግ ትንሽ ሞተር ልግጠምላት ብዬ አሰብኩና ሂሳቡን ሠራሁት። ሞተሩ ባትሪዋን ሊጨርስ ነው። የውሃ ከፍታ የሚለካውን ግን ከውሃው በላይ ወደቡ ምሰሶ ላይ ነው የሰቀልኩት፤ በድምፅ ስለሚለካ ውሃ አይነካውም፣ አልጌም አያውቀውም። እሱ ጋ የምሄደው በእግሬ ነው።

ጀልባ ነጂው ባለፈው ወር ብሩሼን ሲያዩ «አሁንም ትበላለች እንዴ?» አሉኝ።

አይ፣ አሁን ገላዋን ልጠብላት ነው አልኳቸው።